የፔጆ 404 ራዲያተር፦ ማስበየድ ይሻላል ወይስ መቀየር?

ሰሞኑን የአባቴ ፔጆ 404 ከሸዋ ሮቢት ተነስታ ደብረ ሲና ሳትደርስ ውሃዋን ጨረሰች፣ ራዲያተሯ (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው) ከስር ጠብ ጠብ ይላል። ደብረ ብርሃን ስገባ አንዱ "አስበይደው" ሌላው "አውልቀህ ጣለው፣ አዲስ አሉሚኒየም ግጠም" አለኝ።

እኔ ማስበየዱን መረጥኩ። የድሮው ራዲያተር መዳብና ናስ ስለሆነ በእርሳስ ይበየዳል፣ መካኒኩ በርሜል ውስጥ ነክሮ አየር ሲነፋበት አረፋ የምታወጣዋን ቀዳዳ በዓይኔ አየኋት፣ የመርፌ ጫፍ አታክልም። ግን ብየዳ የተደፈነ ቱቦ አይከፍትም፣ ውስጡ በዝገት ከተዘጋ ላይና ታቹ ተፈቶ ካልተጠረገ ጣርማ በር ዳገት ላይ መልሶ ይፈላል፣ ደሞ ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ አስበየድክም ቀየርክም ያው ነው።

አሉሚኒየሙ ክብደቱ ቀላል ነው። ችግሩ የላይኛው ታንክ ፕላስቲክ ከሆነና ከተሰነጠቀ ቻው ነው፣ ልክ ካልመጣም ቆራርጠው ነው የሚገጥሙልህ፣ እኔ ደሞ ያቺን መኪና ሲቆርጧት ማየት አልችልም።

የድሮ ቮልስ ያላችሁ ይሄን ዝለሉት፣ የናንተ በአየር ነው የሚቀዘቅዘው 😄