«ቢግ» ወይስ «ላርጅ»?

ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ «ትልቅ» ተብለው ስለሚፈቱ ብዙ ተማሪ አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባል፤ ስለ ቤት ወይም ስለ ከተማ ስፋት ሲነገር ይህ ችግር የለውም። ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው የሚነገርለት ነገር በመጠን የማይለካ ሲሆን ነው። «ቢግ ብራዘር» ታላቅ ወንድም ማለት ሲሆን፣ «ላርጅ ብራዘር» የተባለ እንደሆነ ግን ሰሚው የሚረዳው የወንድምየውን የሰውነት ግዝፈት ነው። ከባድ ስሕተት፣ ወሳኝ ጉዳይ፣ በጉጉት የሚጠበቅ የሠርግ ቀን፣ ሁሉም «ቢግ» ይባላሉ እንጂ «ላርጅ» አይባሉም። በንግግር ሰፋ ብሎ የሚያገለግል በመሆኑም ጀማሪ «ቢግ»ን አስቀድሞ ቢለምድ እመርጣለሁ።

በአንጻሩ «ነምበር» እና «ኳንቲቲ» ከመሳሰሉት የብዛት ቃላት ጋር በጽሑፍ ይበልጥ የሚስማማው «ላርጅ» ነው፤ የልብስ መጠን የሚገለጸውም በእርሱ ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ፍቺው የተትረፈረፈና ለጋስ ማለት ስለነበር ከብዛት ጋር መዛመዱ አያስገርምም። የ«ቢግ» ምንጭ በእርግጠኝነት አይታወቅም። «አት ላርጅ» የሚለው ሐረግ ግን ለብቻው ሊጠና ይገባዋል፤ ስላመለጠ እስረኛ ሲነገር «ገና አልተያዘም» ማለት ነውና።