ሞተሩ ማጨስ ሲጀምር፦ ማሰራት፣ መለወጥ ወይስ እንዳለ መሸጥ?

ብዙዎቻችን የመኪና ዋስትና የሚባለውን በወሬ ነው የምናውቀው። መኪናዋ እኛ ጋ ስትደርስ ሦስተኛ ወይ አራተኛ እጅ ናት። ስለዚህ ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር ወጪው የራሳችን ነው። መንገዱ ሦስት ነው፦ አውርዶ ማሰራት፣ ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠም፣ ወይም እንዳለች መሸጥ።

ከዚያ በፊት ግን በሽታው ይታወቅ። ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት በነጻ የተሰጠ መመርመሪያ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ በማርሽ ያዟት። ቁልቁለቱ አልቆ ነዳጅ ስትሰጡ ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ብሎ ከጠፋ፣ ብዙ ጊዜ የቫልቭ ሲል (ዘይት በቫልቩ በኩል እንዳይገባ የሚይዘው ጎማ) ነው። ስትመለሱ ዳገቱን ሙሉ ሰማያዊ ጭስ እየጎተተች ከወጣች ግን ሪንግና (የፒስተኑን ቀለበት) ሲሊንደር (ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቀዳዳ) ጠርጥሩ። ነጭ ጭስ ካለና ራዲያተሩ ውሃ ከጎደለበት ነገሩ ወደ ቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በሞተሩ ቤት መካከል ያለው ማሸጊያ) ያደላል። የቫልቭ ሲል ከሆነ ከሦስቱ መንገዶች አንዱም አያስፈልጋችሁም።

የእኔ ኮሮላ በዚህ ጉዳይ ልታስበላኝ ነበር። አንድ ጋራዥ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየር አምቆ የሚፈጥረውን ግፊት) ለካና «አራቱም ሲሊንደር 135 ነው፣ መጽሐፉ 180 ይላል፤ ሞተሩ አልቋል፣ ይወረድ» አለኝ። ሌላ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ሞተሬ አለቀ አሉኝ» ስለው ቁጥሩን አየና ሳቀ። «አብሽር! ደሴ ላይ ነው የተለካው፤ አራቱም እኩል ናቸው እኮ።» እውነቱን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ቁጥሩ ሩብ ያህል ዝቅ ማለቱ ያለ ነው። መታየት ያለበት የሲሊንደሮቹ ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ከወረደ ያኔ እንነጋገር። የቫልቭ ሲል ቀየርን፣ ጭሱ ጠፋ።

በሽታው ሲሊንደር ድረስ ከሆነስ? ያኔ ዋናው ጥያቄ የሞተሩ ቤት ከምን ተሠራ የሚለው ነው። እንደ ድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ብረት ከሆነ ማሰራት ያዋጣል። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት ቤት) ሲሊንደሩን በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር አስፍቶ ትልቅ ፒስተን ይገባበታል፣ ሞተሩ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። ያሪስና ብዙ ኮሮላዎች ላይ ያለው የኤንዜድ ሞተር ግን አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ያለው የብረት ሽፋን ስስ ስለሆነ ለማስፋት አይመችም። እንዲህ ዓይነቱ ከተፋቀ ያገለገለ ሞተር ይሻለዋል።

ከማሰራት የሚያስፈራኝ ግማሽ ሥራው ነው። ሲሊንደሩ ሞላላ ሆኖ እያለ ሪንግ ብቻ መቀየር ብርን ማቃጠል ነው፤ ከጥቂት ወር በኋላ ጭሱ ይመለሳል። ሲሊንደሩና ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ) ሲለካ ቁሙና እዩ። አሮጌውን ብሮንዚን (ኮሎው የሚያርፍበትን ቅርፊት) እና ፒስተን «ስጡኝ» በሉ። ከተሠራ በኋላ ደግሞ ሮዳጅ፣ ማለትም ሞተሩን ቀስ ብሎ ማለማመድ አለ። የመጀመሪያውን 1,000 ኪሎ ሜትር ጭነት ይዛችሁ ሐረጎን አትውጡ። ዘይቱንም ቶሎ ቀይሩ።

ያገለገለ ሞተር ትልቁ ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። መኪናዋ የዕለት እንጀራችሁ ከሆነች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሻጩ መርካቶ፣ እኛ 400 ኪሎ ሜትር ርቀን መሆናችን ነው። የሰጣችሁ የመሞከሪያ ቀን ሞተሩ ጋራዥ ደርሶ እስኪገጠም ያልቃል። ስለዚህ ቀኑ ከተገጠመበት ዕለት ይቆጠር ብላችሁ በጽሑፍ ያዙ። ሲነሳ በጆሯችሁ ሳትሰሙ አትክፈሉ። ሳይገጠም ደግሞ የኮሎ ሲሎቹንና የውሃ ፓምፑን ቀይሩ፤ ከተገጠመ በኋላ ለዚያ ሲባል ዳግም ማውረድ ያናድዳል። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስላለ ያለ ጉምሩክ ዲክላራሲዮን አትግዙ። በኋላ ስም ማዛወር ራስ ምታት ይሆንባችኋል።

መሸጥ? በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌም ፈላጊ አላት። ግን ሞተሩ ሳይታወቅ ከሸጣችሁ ገዢው የባሰውን አስቦ ዋጋ ይሰብራል። የኮምፕሬሽን ውጤቱን በወረቀት አሳዩት፣ ጭሱንም አትደብቁ። እኔ ብሆን የምሸጣት ካምቢዮውም (የማርሽ ሳጥኑም) ቦዲውም አብረው ካለቁ ብቻ ነው።

ሞተሩ ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያያይዘውን ክንድ) ሰብሮ ቤቱን ከበሳው ግን ሞተሩን ለማሰራት አትድከሙ፤ መርካቶ ደውሉ።