ለቲያትር ዕቃ ሰምና ካርቶን፦ ደሴ ፒያሳ

ለክበባችን ቲያትር ዘውድና ጋሻ መስራት ነበረብን፣ ዕቃውን ፒያሳ ካለች አንዲት የጽህፈት መሳሪያ ሱቅ ገዛን። ካርቶኑ ምርጥ ነው፣ ወፈር ያለ ግን ሲታጠፍ የማይሰነጠቅ፣ ዋናው ደሞ እሱ ነው ምክንያቱም ዘውዱን መጀመሪያ በካርቶን ቆርጠህ ተዋናዩ ጭንቅላት ላይ ለክተህ ልክ ሲሆን ነው ወደ ውዱ ቆዳ የምትሄደው፣ አለዛ ብር ማቃጠል ነው። የጋሻውን ጉብታ በሰም ቀርፀን ጀሶ አፈሰስንበት፣ ጀሶ ሲጠነክር ራሱ ይሞቃል ሰሙም ትንሽ ለስለስ ይላል፣ የቀረውን በሙቅ ውሃ አቅልጠን አወጣንና የጀሶውን ውስጥ ቫዝሊን ቀብተን በዱቄት ሙጫ የተነከረ ጋዜጣ ደራረብንበት። እንዴት ቀላል ጋሻ እንደወጣ!

ሰሙ ላይ ግን ቅር ብሎኛል። ንጹህ የንብ ሰም ነው ተብሎ በዛ ዋጋ፣ ቢላ ሲነካው ይፈረፈራል፣ የማር ሽታ የሚባል የለውም። የንብ ሰም እኮ በእጅ ስታሸው እሺ ይላል። ሻጩ «አብሽሩ፣ የተረፈውን መልሱት» ብሎ ያለ ጭቅጭቅ ቀየረልን፣ ለሱ ክብር ይስጠው። ሰሙን ወደ ኮምቦልቻ የምትወስዱ ግን ሚኒባስ ላይ መስኮት ዳር እንዳታስቀምጡት፣ የዛ ፀሐይ ሌላ ነው፣ የቀረፃችሁት የጭንብል አፍንጫ ተጣሞ ይጠብቃችኋል።