ጎክሪፕትኤፍኤስ በጠበቃ ቢሮ ላፕቶፕ ላይ፦ ከወራት በኋላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጠበቃ ቢሮ እሠራለሁ። መዝገብ እይዛለሁ፣ ኮምፒውተሩንም የማየው እኔ ነኝ። ጠበቃው ጋሼ ለቀጠሮ አንዴ ደብረ ሲና፣ አንዴ መሐል ሜዳ ይላሉ። ላፕቶፑም አብሯቸው በሚኒባስ ይዞራል። ውስጡ የሰው ገመና ነው፤ የፍቺ ክስ፣ የውርስ ክርክር፣ የውክልና ወረቀት፣ የመታወቂያ ኮፒ። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ያናድዳል። ፋይሉ ሰው እጅ ቢገባ ግን ምን ብለን ነው ደንበኛ ፊት የምንቆመው?

ስለዚህ የመዝገቡን ፎልደር ጎክሪፕትኤፍኤስ በሚባል ፕሮግራም ኢንክሪፕት አድርገን (ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ መስጥረን)፣ ክረምቱንም በጋውንም በዚያው ዘለቅን። ከወዲሁ ልናገር፦ ወድጄዋለሁ። ዋናው ምክንያቴ አንድ ነው። ነገር ሲበላሽ አይደብቅም።

ፕሮግራሙ ሊኑክስ ላይ፣ ማለትም እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን በሚያሠራው ሌላ ሲስተም ላይ፣ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ያኮብ ኡንተርዉርዛኸር የተባለ ፕሮግራመር በ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀመረው። መነሻው ኢንክኤፍኤስ የሚባለው ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የቀድሞ ፕሮግራም ነው። ያንን በ2014 ቴይለር ሆርንቢ የተባለ የደኅንነት ባለሙያ መርምሮ በርካታ ድክመት አግኝቶበት ነበር። በ2017 ያው ሰው ጎክሪፕትኤፍኤስንም መርምሮታል።

አሠራሩን ላስረዳ፤ ያለዚህ የቀረው አይገባም። እያንዳንዱ ፋይል በ4096 ባይት ቁራጭ ይከፈልና ቁራጩ ለብቻው ይመሰጠራል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ 32 ባይት ይጨመራል። ግማሹ ለምስጠራው የሚያስፈልግ የዘፈቀደ ቁጥር ነው። ግማሹ ደግሞ እንደ ማኅተም ነው፤ ከይዘቱ አንዲት ቢት ብትለወጥ አይገጥምም። ማኅተሙ ካልገጠመ ፕሮግራሙ ያንን ቁራጭ አላነብም ይላል። ኢንክኤፍኤስ በተለመደው አደራረጉ ይህ ማኅተም የለውም። የተበላሸውን እንደ ደህና ፈትቶ ይሰጥሃል፣ አንተም ሳታውቅ ትቀበላለህ።

እንግዲህ መብራት። የእኛ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፤ ባትሪው ሞቷል ማለት ይቻላል። አንድ ቀን የማስረጃ ወረቀት ስካን አድርጌ ሴቭ እያደረግሁ መብራት ድርግም አለ። ሲመለስ ፋይሉ እስከ መሐሉ ይነበብና «ኢንፑት አውትፑት ኤረር» ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማኅተሙ የተጨመረበት ቁራጭ 4128 ባይት ነው። ዲስክ ላይ የሚሰፍረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በ4096 ስለሆነ አንዱ ቁራጭ ድንበር ይሻገራል። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ መብራት ከሄደ ማኅተሙ አይገጥምም።

ጋሼ አልተደሰቱም።

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ ይሄ ነገር ምን ይረባናል?»

«ጋሼ፣ የተበላሸው ማስረጃ ችሎት ፊት ጉድ ከሚያደርግዎ እዚሁ እምቢ ቢልዎ አይሻልም?»

ዝም አሉ። ዋናው ወረቀት እጃችን ላይ ስለነበር እንደገና ስካን አደረግሁት። የቀረው መዝገብ አንድም አልተነካም። ይህን ያወቅሁት ኤፍኤስሲኬ በሚባለው ትእዛዝ ነው። ሁሉንም ፋይል አንብቦ ማኅተሙ ያልገጠመውን በስሙ ይነግርሃል። አርብ ማታ ቢሮ ሲዘጋ እሱን አስነስቼ፣ ንጹሕ ከሆነ ብቻ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ባክአፕ አደርጋለሁ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። ሳይፈትሹ ባክአፕ ማድረግ የተበላሸውን በደህናው ላይ መገልበጥ ነው።

የፋይል ስምም ይመሰጠራል። እዚህ ላይ ለእኛ የሚጠቅም ነገር አለ። አንድ ፊደላችን ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ ስልት 3 ባይት ይወስዳል። ኢክሪፕትኤፍኤስ በሚባለው ሌላ ፕሮግራም የስም ጣሪያ 143 ባይት ነው፤ 47 ፊደል ማለት ነው። «የወራሽነት ማረጋገጫ ይሰጠን አቤቱታ» ብሎ ስምና ቀን ለሚጨምር ሰው ይህ ጠባብ ነው። ጎክሪፕትኤፍኤስ እስከ 175 ባይት፣ ማለትም 58 ፊደል፣ እንዳለ ይይዛል። ከዚያ ሲረዝም ስሙን ለብቻው በትንሽ ፋይል ያስቀምጠዋል። ጋሼ ስም ማስረዘም ይወዳሉ፤ እስካሁን አልተቸገርንም።

የማልወድለት ደግሞ አለ። በየፎልደሩ ዲርአይቪ የምትባል ትንሽ ፋይል ይተክላል። እሷ ከጠፋች የዚያ ፎልደር ፋይሎች ስማቸው አይፈታም፣ ይዘታቸው ቢተርፍም። የተመሰጠረውን ፎልደር ሳያውቅ «ይሄ ምንድነው?» ብሎ የሚያጸዳ ሰው ቢሮ ውስጥ ካለ አደጋ ነው። ሌላው፣ ፕሮግራሙ ድንገት ከሞተ የተከፈተው ፎልደር «ትራንስፖርት ኤንድፖይንት» ምናምን የሚል መልእክት ይዞ ይደርቃል። የሚያስደነግጥ ይመስላል እንጂ ሶኬት እንደመንቀል ነው፤ በፊውዘርማውንት ትእዛዝ አላቅቆ እንደገና መክፈት ነው። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰው ግን ይህን ከየት ያመጣዋል?

አስተማማኝነቱ በዋዛ የመጣ አይደለም። ፕሮግራሙ የሊኑክስ ፋይል ሲስተሞች (ፋይል ዲስክ ላይ የሚያስቀምጡት ክፍሎች) በሚፈተኑበት ኤክስኤፍኤስቴስትስ በሚባል የፈተና ስብስብ ይፈተናል። ሌላም የወደድኩት ፈተና አለው፤ የሊኑክስን ምንጭ ኮድ ዘርግፎ፣ ሁሉም በትክክል መጻፉን አረጋግጦ፣ ደምስሶ፣ እንደገና ይዘረግፋል። ሰው እስኪያስቆመው አያቆምም። በፈተና የተገኘ ስህተት የሚስተካከለው በአዲስ ቅጂ ነው፤ ስለዚህ ከኡቡንቱ (እኛ ከምንጠቀምበት የሊኑክስ ዓይነት) ጋር የመጣው ቅጂ አሮጌ ከሆነ አዲሱን አውርዶ መጫን ይሻላል። የተስተካከለ ስህተት ይዞ መቀመጥ ለምን? አንድ ፋይል ብቻ ስለሆነ ኔትወርክ በመጣበት ሰዓት ቶሎ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሲዘጋጅ ማስተር ኪ የሚባል ረጅም ቁጥር ያሳያል። እሱን ወረቀት ላይ ፕሪንት አድርገነው ጋሼ ካዝናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ፓስወርድ ቢቀየርም ወረቀቱ ይሠራል፣ ምክንያቱም ፓስወርዱ የሚቆልፈው ያንን ቁጥር እንጂ ፋይሎቹን አይደለም። ይህ የተቆለፈ ቁጥር የሚቀመጥበት የኮንፊግ ፋይል ቢጠፋ እንኳ በዚያ ቁጥር መክፈት ይቻላል።

ዊንዶውስ ላላችሁ ሲፒፒክሪፕትኤፍኤስ የሚባል አቻ አለ። ያንኑ ፎልደር ይከፍታል። ጋሼ ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ዊንዶውስ ስለሆነ እሱን ጭኜላቸዋለሁ። እዚያ ግን ለማንበብ ብቻ ይከፍቱታል፤ መጻፍ በአንድ ማሽን ላይ ይሁን ብዬ ለምኛቸው ተስማምተዋል።