ባትሪ ሲበራበት ቦግ የሚለውን «ኦፓል» እንዳትገዙ

ቸርችል ጎዳና አካባቢ የከበረ ድንጋይ የምትገዙ ሰዎች፣ እባካችሁ ይህችን አንብቡ።

ባለፈው ሳምንት ከአንድ አዟሪ የባቄላ ፍሬ የምታክል ድንጋይ በ4,000 ብር ገዛሁ። «የደላንታ ኦፓል ናት፣ ከወሎ የመጣች» ነው ያለኝ። ቀለሟ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው። ፎርጅድ ብር የሚለይበትን ባትሪ አወጣና አበራባት። መዳፉ ላይ አረንጓዴ ሆና ቦግ አለች። ልቤ እዚያው ተሸነፈ።

ለእህቴ ቀለበት ላሠራባት፣ ድሮ ፒያሳ ወደነበሩ ወርቅ ሠሪ ወሰድኳት። ጋሼ በመዳብ ሽቦ ጫፍ ጫር አደረጓት። ቢጫ ዱቄት ረገፈ። «ልጄ፣ ኦፓልን መዳብ አይጭረውም» አሉኝ። ሞረድ ሳያስነኳት መለሱልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ከዚያ ጂኦሎጂ የተማረ የሰፈሬ ልጅ አሳየሁት። አንድ ጠብታ አሲድ ሲጥልባት አረፋ ደፈቀች። የጨረር መለኪያውን ሲያስጠጋ መሣሪያው ይንጣጣ ጀመር። ሊቢጋይት ናት አለኝ፤ ጨረር የሚያወጣው ዩራኒየም ያለበት፣ በአሲድ አረፋ የሚደፍቅ «ካርቦኔት» የሚባል የማዕድን ዓይነት። ብርቅ መሆኗ እውነት ነው። መጀመሪያ የታወቀችው እ.ኤ.አ. በ1848 ቱርክ ውስጥ ኤዲርኔ አካባቢ ነው፤ ስሟም የጀርመናዊው ኬሚስት የዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ግን የጣት ጌጥ አይደለችም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አረንጓዴው ብርሃን ጨረሩ አይደለም። ባትሪው ሲጠፋ ብርሃኑ አብሮ ይጠፋል፣ ጨረሩ ግን ቀንም ሌሊትም አለ። በዚህ ባትሪ የሚያበራ ሁሉ አደገኛ ነው ማለቴም አይደለም፤ ጤነኛ ኦፓልም አንዳንዴ ያበራል። ስለዚህ ማብራቱን ብቻ አይታችሁ ብር አትክፈሉ።

ከዩራኒየም የሚወጣው አልፋ ጨረር ቆዳን አልፎ አይገባም። የሚያስፈራው ዱቄቱ ነው። ወደ ሳንባ ከተሳበ ወይም ከተዋጠ ጨረሩ ከውስጥ ይሠራል፣ ዩራኒየሙ ራሱ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ይህን የመሰለ ለስላሳ ድንጋይ ቀለበት ላይ ቢውል በየቀኑ ይፈረፈራል። እህቴ በዚያው እጇ እንጀራ ልትቆርስ ነበር!

የገዛችሁ ካላችሁ አታስሞርዱት፣ በውኃ አትጠቡት፣ ቆሻሻ ላይም አትጣሉት። ክዳኑ ገጥሞ በሚዘጋ ዕቃ አድርጋችሁ ከልጆችና ከመኝታ ቤት አርቁት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ የጨረር ጉዳይ ለሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አሳውቁ።

አዟሪው ትናንትም እዚያው ቆሞ ነበር። ቦርሳው ውስጥ አምስት ስድስት የሚሆኑ እንደዚህችው ያሉ አይቻለሁ።