የአባቴን ወገብ ላከመችልን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሽሮ ሜዳ በሽመና ሥራ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ከወገቡ ተነስቶ በግራ እግሩ እስከ ባቱ የሚወርድ ሕመም ሲጀምረው ብርድ ነው ብለን ለሳምንታት በቅባት አሸነው፤ ወጌሻ ጠርተንም ወገቡን አስጫንነው፣ ሕመሙ ግን ባሰ። በኋላም የሽመናው መርገጫ ከግራ እግሩ አውራ ጣት ሥር እየሾለከ ያመልጠው ሲጀምር ደንግጠን ሆስፒታል ወሰድነው።

በኤምአርአይ ምርመራ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ያለው ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ መጫኑ ታወቀ። እኛ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ማሰባሰብ ጀምረን ነበር። ሐኪሙ ግን የጣቱ መድከም ቀላል በመሆኑና እየባሰ ባለመሄዱ፣ እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሻል አስረድቶ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን።

ባለሙያዋ ፊልሙን ካየች በኋላ «አባባ፣ ሥራ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ እስቲ ያሳዩኝ» አለችው። ቀጥላም ጣቷን በአውራ ጣቱ ላይ አድርጋ ወደ ላይ እንዲገፋት እየጠየቀች የሁለቱን እግሮች ጉልበት አስተያየች። ከዚያም በሆዱ አስተኝታ በክርኖቹ ቀስ ብሎ ቀና እንዲል አደረገችው። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ባቱን ለቆ ወገቡ ላይ ሲሰበሰብ ባሰበት ብለን ፈራን፤ እሷ ግን ሕመሙ ከእግር ወደ ወገብ መመለሱ ጥሩ ምልክት መሆኑን በትዕግሥት አስረዳችን። እንቅስቃሴውን ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲደግመው፣ ተኝቶ እንዳይውል፣ ወደ ሥራ ሲመለስም በየግማሽ ሰዓቱ እንዲነሳ አዘዘችው። በ9ኛው ሳምንት አባቴ ወደ ሽመናው ተመለሰ፤ መርገጫውም ዛሬ አያመልጠውም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳት የሙያዋን ወሰን በማወቋ ነው። ሽንት መሽናት ካቃተው ወይም ካመለጠው፣ በጭኖቹ መካከልና በመቀመጫው ዙሪያ ከደነዘዘው፣ ወይም የእግሩ መድከም ከጨመረ ቀጠሮዋን ሳንጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድንወስደው በወረቀት ጽፋ ሰጥታናለች። ወረቀቱ አሁንም ግድግዳችን ላይ ተለጥፏል።

ስሟ በአደባባይ እንዳይጠቀስ ስለጠየቀችን አልጻፍኩትም። ተመሳሳይ ሕመም ያለበት ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ እሷን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ መላው ቤተሰባችን ከልብ ያመሰግንሻል።