ለቅንድብ አሪፍ የሆነ የሰዓት መጠገኛ

ደብረ ማርቆስ ሆኖ ሰዓት መፍታት ለሚያምረው ሰው ዕቃው በቀላሉ አይገኝም። እኔ አዲስ አበባ የሚመላለስ ወንድሜን ልኬ በ1,500 ብር አስገዛሁ። ስሙም የተሠራበት አገርም ያልተጻፈበት፣ መሣሪያዎቹን የያዘ ባለ ዚፕ ጥቁር ቦርሳ ነው።

ክዳን መክፈቻውን ወድጄዋለሁ። ባለ ሦስት እግር ነው። እግሮቹን በክዳኑ ጎድጓዶች ልክ ታጠባቸዋለህ፣ ጫን ብለህ ወደ ግራ ማዞር ነው። የማሰሪያ ፒን ማውጫውም አይከፋም። በሁለቱ ክረምቱን ሙሉ የጎረቤት ሰዓት ባትሪ ስቀይር ከረምኩ። ክፍያዬ ቡና ነበር።

ካቻቪቴዎቹ ግን ቅቤ ናቸው። ሁለተኛው ብሎን ላይ ጫፉ ተጣመመ።

ጉዱ ያለው ወረንጦው ላይ ነው። አንድ እሑድ የአባቴን ሴኮ ፋይቭ ሰዓት ከፈትኩ። አጎቴ ከጂዳ ያመጣለት ነው፣ ቀኑን በዓረብኛም ያሳያል። ማሽኑ 7ኤስ26 የሚባለው ነው፤ በሰዓት 21,600 ጊዜ ይመታል። ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፌ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላውን፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለውን ክብደት አወጣሁ። አቧራውን አራግፌ መለስኩት። ያኔ ትሪው ላይ የቀረች የሌላ ሰዓት ብሎን ዘልላ ወረንጦው ላይ ተለጠፈች። እኔ ሞኙ ሳቅኩ።

በማግስቱ ሰዓቱ 20 ደቂቃ ቀድሞ አደረ።

ገበያው አጠገብ ለሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩላቸው። ሳይከፍቱት ትንሽዬ ኮምፓስ አስጠጉበት። መርፌዋ እብድ ሆነች።

«ልጄ፣ ማግኔት አስይዘኸዋል» አሉኝ።

ለካ የሰዓቱን ምት የምትቆጣጠረው ከፀጉር የቀጠነች ጥምዝ ሞላ ማግኔት ሲይዛት ዙሮቿ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ሞላዋ ያጠረች ያህል ይሆንና ሰዓቱ ይሮጣል። ማግኔት ማጥፊያ ሣጥናቸው ላይ አስቀመጡት፣ ቁልፉን ተጭነው ሰዓቱን ቀስ እያሉ ወደ ላይ አራቁት። አለቀ። ገንዘብ አልቀበል አሉ። ወረንጦዬን ግን አገላብጠው አዩና፣

«ይሄማ የቅንድብ ነው!»

ባትሪና ማሰሪያ ለመቀየር ብቻ ከሆነ ግዙት፣ ዋጋውን ያወጣል። ባለ ሞላ ሰዓት ልትነኩ ካሰባችሁ ግን ካቻቪቴና ወረንጦ ለየብቻ ፈልጉ። ወረንጦው የናስ ቢሆን ይመረጣል፣ ናስ ማግኔት አይዝም።

የእኔን እህቴ ወስዳዋለች። ለቅንድብ አሪፍ ነው ብላኛለች።